ሜትሮ የማን ነው?

እሑድ ከሰዓት እዚህ ኦሮራ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እሱን አልፋችሁ የአንድ ኮሌጅ ታሪክ ለመስማት በመቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በጣታችሁ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ እንዳትደክሙ።

በመካከላችን አንድ የተለመደ ጥያቄ አለ። ሰርግ ላይ ይጠየቃል፣ ለቅሶ ቤት ይጠየቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም ይጠየቃል። «ልጅሽ የት ገባ?» እናትየዋ «ቡልደር ዩኒቨርሲቲ» ካለች «እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ» ነው። «ሜትሮ» ካለች ግን ድምፅ ዝቅ ይልና «ደህና፣ ዋናው መማሩ ነው» ይባላል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህን የማጽናኛ መልስ ልሟገተው ነው። ሜትሮ የምንለው፣ በሙሉ ስሙ ሜትሮፖሊታን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዴንቨር፣ መጀመሪያ ለማን ተብሎ እንደተከፈተ፣ በምን እንዳደገና ማን ዋጋ እንደከፈለበት እነግራችኋለሁ። የማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ኮሎራዶ ትምህርት ቤት የቸገራት አገር አልነበረችም። ወርቅና ብር ስለሚቆፈር ጎልደን ላይ የማዕድን ትምህርት ቤት ነበራት። ለእርሻው ፎርት ኮሊንስ፣ ለመምህራን ግሪሊ፣ ለሕግና ለሳይንስ ደግሞ ቡልደር ነበሩላት። ሁሉም ከ1800ዎቹ ጀምሮ የቆሙ ናቸው። በዋና ከተማዋ በዴንቨር ሜቶዲስቶች በ1864 የመሠረቱት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እሱ ግን የግል ነው፣ ክፍያውም የግል ነው። ከቡልደር ዩኒቨርሲቲ የተዘረጋ የኤክስቴንሽን ማዕከልም ነበር። የቀረው ምን መሰላችሁ? ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር፣ ማታ ሠርቶ ጠዋት የሚማር የዴንቨር ልጅ፣ ሰፈሩን ሳይለቅ፣ ለዶርም ሳይከፍል፣ የአራት ዓመት ዲግሪ የሚይዝበት የራሱ የሕዝብ ኮሌጅ። በአውቶቡስ የሚደረስበት ኮሌጅ በሉት።

የኮሎራዶ ምክር ቤት ይህን ኮሌጅ የሚያቋቁመውን ሕግ ያጸደቀው በ1963 ነው። ሕግ ማጽደቅ ደግሞ በጀት መመደብ አይደለም፤ ይህን እኛ አገር የኖረ ሰው ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ነባሮቹ ኮሌጆች ገንዘባችን ሊከፈልብን ነው ብለው ሰጉ። ሕግ አውጪዎቹም ሲከራከሩ ቆይተው፣ በሩ የተከፈተው በ1965 መከር ላይ ሆነ፣ ወደ 1,200 የሚጠጉ ተማሪዎችን ይዞ።

እስቲ እዚህ 1965 መከር ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 3 ቀን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ነጻነት ሐውልት ሥር ቆመው አዲሱን የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ በር የሚከፈተው በትውልድ አገር ኮታ ነበር፤ አብዛኛው ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ፣ ለአፍሪካ ግን ፍርፋሪ። ያ ሕግ ባይወጣ፣ በኋላም የ1980ው የስደተኞች ሕግና የ1990ው የዲቪ ሕግ ባይከተሉ፣ ዛሬ ሃቫና ላይ የሚቆላ ቡና ባልኖረ። አንድ ወር ቆይቶ፣ ኅዳር 8 ቀን፣ ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን ፈረሙ፤ ልጆቻችሁ ዛሬ የሚያገኙት የፌዴራል የትምህርት እርዳታና ብድር ሥሩ እሱ ነው። የፈረሙት ዋሽንግተን አልነበረም። ቴክሳስ ውስጥ ሳን ማርኮስ ወደምትባል ከተማ፣ ራሳቸው ወደተማሩበት ኮሌጅ ሄደው ነው። ጆንሰን ሃርቫርድ አልተማሩም። የገጠር መምህራን የሚሠለጥኑበት፣ ለመማርም ወለል እየጠረጉ የከፈሉበት የመንግሥት ኮሌጅ ውጤት ናቸው። የእኛ መግቢያ ሕግ፣ የልጆቻችን የትምህርት ገንዘብ ሕግና ይህ ኮሌጅ በአንድ መከር ወጡ። ያቀናበረው የለም፤ አጋጣሚ ነው። የዘመኑ መንፈስ ግን አንድ ነበር።

የሜትሮ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኬነዝ ፊሊፕስ ይባላሉ። ኮሌጁ ግቢ አልነበረውም። በዴንቨር መሃል ከተማ ሕንጻዎች ተከራይቶ ነበር የሚያስተምረው፤ ተማሪው ከሂሳብ ወደ ታሪክ ክፍል ሲሄድ ትራፊክ መብራት ይጠብቃል። የገባው ሰው ደግሞ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ብቻ አልነበረም። ከሥራ የመጣ አባወራ፣ ልጆቿን ያሳደገች እናት፣ በኋላም ከቬትናም የተመለሰ ወታደር ነበር። በሕግ የተሰጠው ግዴታ በሩን ሰፋ አድርጎ እንዲከፍት ነበርና፣ እስከ ዛሬ በኮሎራዶ ሕግ መሠረት ዕድሜው 20 የሞላና የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ ያለው ሰው፣ ያኔ ያመጣው ነጥብ ሳይቆጠርበት ይቀበለዋል።

ይህን አንቀጽ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። እኛ የመጣነው አንዲት የማትሪክ ወረቀት የሰውን ዕድሜ ከምትቆርጥበት አገር ነው። በ2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ወደ ዘጠኝ መቶ ሺሕ ከሚጠጉ ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረው ስንፍና ነው ትሉኛላችሁ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ በ18 ዓመቱ ነጥብ ጎድሎት፣ ወይም ጦርነት መጥቶበት፣ ወይም ካርቱምና ናይሮቢ ሲንከራተት ትምህርት ያለፈው ሰው ስንት ነው? ይህ ኮሌጅ ዕድሜ 20 ከሞላ የልጅነት ነጥብህን አልጠይቅህም ይላል። ከሱ የበለጠ ለስደተኛ የተጻፈ የመግቢያ ደንብ እኔ አላውቅም።

አሁን ወደ መራራው ክፍል ልሂድ። ኮሌጅ ዕድሜ ልኩን ተከራይቶ አይኖርም። ቦታ ተፈለገ። የተገኘውም ኦራሪያ ነው፤ ዛሬ ልጆቻችሁን የምታደርሱበት ግቢ። ባዶ መሬት አልነበረም። ኦራሪያ ወርቅ ፈላጊዎች በ1858 የቆረቆሯት፣ ለጥቂት ጊዜ ከዴንቨር ጋር ስትፎካከር ቆይታ በ1860 የተቀላቀለች መንደር ናት። በመጀመሪያ ጀርመኖችና አይሪሾች ኖሩባት፣ ኋላ የስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች ሰፈር ሆነች። በ1926 የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሴይንት ካጄታንን ሠሩ። ባለ ሁለት ጉልላቱን ግቢው ውስጥ አይታችሁታል። ክሊኒክ ነበራቸው፣ ትምህርት ቤት ነበራቸው፣ ገንዘብ እያዋጡ የሚበዳደሩበት ማኅበርም ነበራቸው። እቁብና እድር ያለው ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በሰኔ 1965 የሳውዝ ፕላት ወንዝ ሞልቶ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ከተማው ቀድሞውንም «ያረጀ ሰፈር» እያለ ሲመለከተው ነበር፤ ጎርፉ ሰበብ ጨመረለት። ከዚያ በ1969 የዴንቨር ነዋሪ ለግቢው መሬት መግዣ የሚሆን ቦንድ እንዲያጸድቅ በድምፅ ተጠየቀ። የኦራሪያ ነዋሪዎች ተደራጅተው ተቃወሙ። የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ ኬሲ ግን ምእመናን እንዲደግፉት የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ሰው የገዛ ቤቱ የሚፈርስበትን ምርጫ እንዲደግፍ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ መድረክ ሲነበብለት አስቡት! ቦንዱ አለፈ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቦቹ ተነሥተው ተበተኑ፤ ሰፈሩ ፈርሶ ግቢው ተሠራ። ሜትሮ፣ የዴንቨር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የዴንቨር ቅርንጫፍ ሦስቱም በአንድ ግቢ ገቡ። ሦስት ተቋማት ቤተ መጻሕፍትና ካፍቴሪያ የሚጋሩበት እንዲህ ያለ ግቢ በአሜሪካም ብዙ አይገኝም።

የቀሩ ምልክቶች አሉ። በዘጠነኛ ጎዳና ላይ ጥቂት የድሮ ቤቶች ከነዛፎቻቸው ተጠብቀው ቢሮ ሆነዋል። ቲቮሊ የተባለው የቢራ ፋብሪካ በ1969 ሥራውን አቆመ፤ ዛሬ የተማሪዎች ማእከል ነው። በ1876 የታነጸችው አማኑኤል ጸሎት ቤት መጀመሪያ የክርስቲያን፣ ኋላ የአይሁድ ምኩራብ ሆና፣ አሁን የሥዕል ማሳያ ናት። ጎልዳ ሜየር በወጣትነቷ ከእህቷ ጋር የኖረችበት ቤትም ከሌላ ሰፈር ተነቅሎ መጥቶ እዚያው ቆሟል። ለጎብኚ ደስ ይላል። የሰፈሩ ልጅ ሲመለከተው ግን የጎረቤቱ ሳሎን ውስጥ የፕሮፌሰር ጠረጴዛ ነው የሚያየው። በቅርብ ዓመታት ከካዛንችስ ወይም ከፒያሳ የተነሣ ዘመድ ያላችሁ ይህን ላስረዳችሁ አልሞክርም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የተነሡት ሰዎች ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ቂማቸውን ይዘው ዝም አላሉም። «ልጆቻችን በእኛ መሬት ላይ በነጻ ይማራሉ ብላችሁ ነበር» ብለው ለዓመታት ጠየቁ፣ ወተወቱ፣ መረጃ ሰበሰቡ። በ1990ዎቹ ለተፈናቃዮች፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ስኮላርሺፕ ተፈቀደ። በዚህም አልረኩም። «ከልጅ ልጅ በኋላስ?» አሉ። በኋላ መብቱ ለዘር ማንዘራቸው ሁሉ ሰፋ፤ በ2022 ደግሞ የኮሎራዶ ምክር ቤት የተወሰነ ገንዘብ መደበለት። ፍርዱ ሙሉ ነው አልልም። የፈረሰ ቤት በክፍያ ቅናሽ አይተካም። ነገር ግን ለሃምሳ ዓመት ያህል አንድን ጥያቄ ከአባት ወደ ልጅ እያቀበሉ ማቆየት ትልቅ ችሎታ ነው። እኛ ማኅበር አቋቁመን በሁለተኛው ዓመት ለሁለት የምንከፈል ሰዎች ይህን ብንማር አይከፋም። ሜትሮ በ2019 «ሂስፓኒኮችን የሚያገለግል ተቋም» የሚል የፌዴራል ዕውቅና አግኝቷል፤ ከተማሪው ቢያንስ ሩቡ ሂስፓኒክ ሲሆን የሚሰጥ ነው። ግቢው ያስነሣው ሕዝብ ልጆች በክፍሎቹ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

መካከላችሁ የጎንደር ምሩቃን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለ ሌላ አገር ኮሌጅ ብቻ አውርቼ አልለያችሁም። በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7,000 የሚሆን ሰው ጨረሰ። ሐኪም አልነበረም፤ ቢኖርም በቅሎ ከሚደርስበት በላይ ሰው ይሞት ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ። ዩኒቨርሲቲ አልተባለም፣ ሐኪም ቤትም አልተባለም። ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነው፤ ሦስቱ አብረው ወረዳ ወርደው አንድ ጤና ጣቢያ ይይዛሉ። በ1978 በላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የሕክምና ትምህርት ተጀመረ። ሙሉ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ2004 ነው፣ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ። ባሕር ዳርም እንዲሁ ነው፤ በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተጀመረው ፖሊ ቴክኒክና በ1972 የተከፈተው የመምህራን አካዳሚ ተጣምረው በ2000 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ።

ሜትሮም «ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ስም ያገኘው በ2012 ነው፣ በ47 ዓመቱ። የማስተርስ ትምህርት መስጠት የጀመረው ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀድሞ ሲሆን፣ መምህራን፣ ሒሳብ ሠራተኞችና ሶሻል ወርከሮች የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ጎንደርም ሜትሮም ሥራውን ቀድመው ሠርተው ስሙን ኋላ ነው ያገኙት። ልዩነቱ የእድገቱ መንገድ ላይ ነው። ጎንደር ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም ከላይ በወሰኑት ውሳኔ አደገ። የሜትሮ እያንዳንዱ እርምጃ ግን ምክር ቤት ቀርቦ፣ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ አንዳንዴም ወድቆ እንደገና ተሞክሮ ያለፈ ነው። የራሱን ቦርድ እንኳ ያገኘው በ2002 ነው፤ እስከዚያ ከሌሎች የመንግሥት ኮሌጆች ጋር በአንድ ቦርድ ሥር ነበር። የቡልደርን የቦርድ አባላት፣ ሬጀንቶቹን፣ እኛ መራጮች በድምፃችን እንመርጣለን። የሜትሮን ቦርድ አባላት አገረ ገዢው ይሾማል፣ ሴኔቱም ያጸድቃል። አገረ ገዢውንና ሴናተሩን የሚመርጠው ማን ነው? ዜግነት ወስዳችሁ የምርጫ ወረቀቱን ከማስታወቂያ ጋር የምትጥሉ ሰዎች ይህን አስቡበት። እዚህ ኮሎራዶ የምርጫ ወረቀት ቤት ድረስ በፖስታ ይመጣል፤ ሰልፍ እንኳ የለውም!

ገንዘቡን ካነሣን፣ የኮሎራዶ ሕዝብ በ1992 ታቦር የሚባለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። መንግሥት ያለ ሕዝብ ድምፅ ግብር እንዳይጨምር ይከለክላል፤ የሚይዘውንም ገቢ ይገድባል። ግብር ከፋይ ሆኜ ሳየው ተመላሹን ቼክ አልጠላውም። ወላጅ ሆኜ ሳየው ግን፣ ምክር ቤቱ እጁ ሲታሰር መጀመሪያ የሚቀንሰው የኮሌጅ ድጋፍ ነው፤ የጎደለውን ደግሞ ልጄ በክፍያና በብድር ይሞላዋል። ሀብታም ለጋሽና ትልቅ የምርምር ገንዘብ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይችሉታል። የሠራተኛውን ልጅ የሚያስተምረው ነው የሚጎዳው።

ሌላም ነገር አልደብቃችሁም። በሩ ሰፊ ስለሆነ የሚገባው ብዙ ነው፣ ሳይጨርስ የሚወጣውም ብዙ ነው። ከ20,000 በላይ ደርሶ የነበረው የተማሪ ቁጥርም ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ ቀንሷል። ሳይጨርስ የሚወጣው ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሁለት ሺፍት ይሠራል፣ ለቤት ኪራይ ያዋጣል፣ ቅዳሜ እናቱን ሐኪም ቤት ወስዶ ያስተረጉማል። አገር ቤትም ገንዘብ ይላክ ይባላል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም ነው። ልጁ ሴሚስተር ፈተና ላይ እያለ «ዛሬ አንድ ቀን ቅር» ብለን ለሱቅ ጥበቃ የምንጠራው እኛው ነን። ዩኒቨርሲቲው አማካሪ ሊመድብ ይችላል፤ ወላጁን ከበር ላይ ማስቆም አይችልም።

ከዚህ አዳራሽ ዙሪያ ያለውንም እንይ። የሃቫና ሰው ትምህርት ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። ሎውሪ የአየር ኃይል ሰፈር ነበር፤ በ1994 ተዘግቶ ከፊሉ የኦሮራ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቅጥር ሆነ። ኮሌጁ የተመሠረተው በ1983 ነው፣ ዋናው ግቢው ሴንተርቴክ ላይ ነው። ወደ ሰሜን፣ ኮልፋክስ ማዶ ያለው ፊትዝሲመንስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ለቆሰለና ሳንባ ነቀርሳ ለያዘው ወታደር የተከፈተ ሆስፒታል ነበር፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 በልብ ሕመም የተኙት እዚያ ነው። ዛሬ አንሹትስ የሕክምና ግቢ ይባላል፣ ብዙዎቻችሁም ትሠሩበታላችሁ። የጦር ሰፈር ሲዘጋ ትምህርት ቤት ማድረግ ደህና ልማድ ነው፤ ለአገራችንም እመኛለሁ።

ስለዚህ መንገዱ ይኸው። አንድ ሰው ኦሮራ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ በኮሎራዶ ሕግ የመተላለፍ ዋስትና ያላቸውን ኮርሶች መርጦ፣ ክሬዲቱን ይዞ ሜትሮ ይገባል። ኮልፋክስን ይዞ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውቶቡስ ወደ ኦራሪያ አቅጣጫ ያደርሳል። ነርሲንግ አለ፣ አካውንቲንግ አለ፣ ሶሻል ወርክ አለ። ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭነው ወንድማችን ይስማኝ፤ ሜትሮ በአቪዬሽን ትምህርቱ የታወቀ ነው። በቅርጫት ኳስም በ2000 እና በ2002 በዲቪዥን ሁለት የአገር ሻምፒዮን ሆኗል። ይህን የምለው አባቶች እንድትነቁ ነው።

ሜትሮ የማን ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። የኦራሪያ ቤተሰቦች ነው፣ ዋጋውን ከፍለዋል። ድምፅ የሰጠው የዴንቨር መራጭም ነው። ሃቫና ላይ ዕቃ ስትገዙ፣ ቤንዚን ስትቀዱ፣ ደሞዝ ስትቀበሉ ግብር ትከፍላላችሁ፤ የእናንተም ነው። ለባለቤት «ደህና፣ ዋናው መማሩ ነው» ተብሎ ሐዘን አይደረስለትም።

ከዚህ ስትወጡ የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። የፌዴራሉን የእርዳታ ማመልከቻ፣ ፋፍሳን፣ በጊዜ ሙሉ። የኮሎራዶ ነዋሪ ለሆነ ተማሪ ግዛቱ በየክሬዲቱ የሚከፍለው የኮሌጅ ኦፖርቹኒቲ ፈንድ የሚባል ድጋፍ አለ። ተማሪው ራሱ ካላመለከተ አይቀነስለትም፤ በዕድሜ ልክም እስከ 145 ክሬዲት ይሸፍናል። ልጃችሁ መሙላቱን ዛሬ ማታ ጠይቁት። ወረቀት የሌለው ልጅ ያለባችሁም አትሸማቀቁ። ከ2013 ጀምሮ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰና ሕጉ የሚጠይቀውን የሚያሟላ ልጅ የነዋሪ ክፍያ እንዲከፍል ተፈቅዷል። ዕድሜያችሁ ከ20 ያለፈና ልባችሁ ትምህርት ላይ የቀረ እናንተ ራሳችሁ ደግሞ፣ ልጃችሁን ስታደርሱ ከመኪና ውረዱና መመዝገቢያ ቢሮው ጋ ግቡ። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።